ቢሆነኝ ጀልባ ሲመርጥ

በቡሬ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ቢሆነኝን ሳያስከትል አይገዛም። ቢሆነኝ በሬውን ሦስት ጊዜ ይዞረዋል፤ ሻኛውን ይጫናል፣ ኮቴውን አስነሥቶ ያያል፣ ከዚያም ወይ «ይሁን» ይላል፣ ወይ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አላውቅም» ሲል የሰማው የለም።

ከቆጋ ግድብ የተደወለለትም በዚሁ ስሙ ነው። ደዋዩ እንዳለው የሚባል የቡሬ ልጅ ነው፤ አሁን በግድቡ ላይ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል። ነጋዴ ሁለት ባለሞተር የአሉሚኒየም ጀልባዎች አምጥቶላቸው፣ አባላቱ የቱን እንግዛ በሚለው እኩል ለእኩል ተከፍለዋል። ቢሆነኝ ያለውን ሊወስዱ ተማምለዋል።

«እርስዎ ወንዝ የሚሻገሩት የበሬ ጅራት ይዘው አይደል?» አለች ሚስቱ እታለም።

«ምረጥ አሉኝ እንጂ ዋኝ አላሉኝም።»

ጀልባዎቹ ግድቡ ዳር፣ ሣር ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። አንደኛው ሰፊ፣ ታቹ ልሙጥ ነው። ሌላው ጠባብ፣ አፍንጫው የሾለ፣ ሆዱም እንደ ማረሻ የሰላ በመሆኑ መሬት ላይ ወደ ጎን ጋደል ብሏል። ቢሆነኝ ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ዞረ። ሰፊውን በእግሩ ገፋው፤ አልተነቃነቀም።

«ይሄ እግሩን ተክሎ የቆመ ነው። ያኛው ገና ሳይጠመድ ተኝቷል።»

«አያ ቢሆነኝ፣ ውኃ ላይ እኮ እግር አያስፈልግም» አለ እንዳለው ቀስ ብሎ።

«ሆድ ግን ያስፈልጋል። የዚህን ሆድ እየው።»

የሰፊው ደጋፊዎች ሳቁ፤ የሾለው ደጋፊዎች መሬት መሬት አዩ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ቢሆነኝ ግን አንድ ደንብ አለው፤ የመረጠውን በሬ መጀመሪያ ራሱ ጠምዶ አንድ ትልም ሳያወጣ ለባለቤቱ አያስረክብም። እንዳለው ሁለት በሬ ያስመረጠው ሰው ነውና ደንቡን ያውቃል።

«እንግዲህ ጀልባው ላይ ይውጡና ትልሙን ያውጡልን» አለው።

እምቢ ቢል የመረጠውን አላመነውም ይባላል። ጫማውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ግን እሱም አላወቀም። ሰፊውን ጀልባ ወደ ውኃው ገፉለት፤ ወለሉ መሐል ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ጎኖች ጨበጠ። እንዳለው ሞተሩን አስነሣ።

ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ነፋስ ተነሥቷል። ጀልባው አልተገለበጠም። ነገር ግን ልሙጥ ሆዱ እያንዳንዷን ማዕበል በጥፊ ይመታል፤ ምቱም በቢሆነኝ ወገብ በኩል ያልፋል። መሐል ግድቡ ላይ ሲደርሱ፣ የሾለው ይሻል እንደነበር ወገቡ ነገረው።

ሲመለስ አባላቱ ዳር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ቢሆነኝ ከጋቢው ላይ ውኃውን ጨመቀ፤ ጊዜ ወሰደበት።

«በሬው ደኅና ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን የማለዳ በሬ ነው። ከቀትር በኋላ አትጥመዱት።»

አባላቱ ከቀትር በኋላ መውጣት ትተው በማለዳ፣ ውኃው ጸጥ ባለበት ሰዓት መውጣት ጀመሩ። በዚያ ሰዓት ሰፊው ጀልባ እንደ መደብ ነው፤ ቆመው መረብ ይስባሉ። የሾለውን ይደግፉ የነበሩት ሳይቀሩ «ሰውየው ነፋሱን አስቀድሞ ዐውቆት ነው» አሉ። ቢሆነኝ ይህን ሰምቶ አላስተባበለም።

በወሩ እንዳለው እንደገና ደወለ። ከግድቡ በታች ያሉ ሽንኩርት አምራቾች ከሁለት የውኃ ፓምፖች አንዱን እንዲመርጥላቸው ለምነው ነበር። እታለም ከጓዳ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

ቢሆነኝ ትንሽ አሰበ። «መራጩ ውኃ ውስጥ ይገባል?»

«አይገባም።»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»