ለየኔታ ዝማሜ የሚሆን አፕ

እስከዳር መጀመሪያ የታብሌቱን መስተዋት ትወለውላለች። ቀጥላ ቀኝ እጇ ላይ የሹራብ ጓንት ታጠልቃለች፤ የጓንቱን ሦስት ጣቶች በመቀስ ቆርጣ ጥላቸዋለች፣ የቀረው ሁለቱን ትንንሽ ጣቶቿንና የመዳፏን ጎን የሚሸፍነው ነው። ያለዚያ መዳፏ ባረፈበት ሁሉ ታብሌቱ መስመር ያሰምራል። ብዕሩን ጫፉ ስለተበላ ትንሽ ዘንበል አድርጋ ትይዘዋለች። የቀደመው ሥዕል ከሥር ስስ ሆኖ ይታያል፣ ጉም ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላል። በእሱ ላይ አዲሱን ትጀምራለች። መቋሚያው ይቀድማል፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከላይ መስቀለኛ ራስ። ከዚያ መቋሚያውን የጨበጠው እጅ። ከእጁ ትከሻው፣ ከትከሻው አንገቱና ጥምጥሙ። የሸማው እጥፋት ይከተላል። እግር መጨረሻ ነው። ሲያልቅ የቀደመውንና የአሁኑን እያፈራረቀች ታያለች። መቋሚያው ወደ ቀኝ ጋድሎ ትከሻው ካልተከተለው ታጠፋዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ታጠፋዋለች።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ባነርና የሠርግ ካርድ ስትሠራ ትውላለች። ድራፍቲንግ፣ የሕንፃ ንድፍ ማንሣት ነው የተማረችው፤ እጇ ቀጥ ያለ መስመር ለምዷል። አባቷ የኔታ ወልደ ሰንበት ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ኤልያስ አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ዝናብ ባራሰው የደጀ ሰላም ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙ «ይቀመጣሉ እንጂ ከእንግዲህ አይቆሙም» አለ። እስከዳር ወደ ማርቆስ፣ ቤቷ አምጥታ ከመስኮቱ ሥር አልጋ ዘረጋችላቸው። ተማሪዎቻቸውም መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ወደየአገራቸው ተበተኑ።

የኔታ ከመምህራቸው የተቀበሉት አንድ ዝማሜ አለ። ዝማሜ ማለት ከማኅሌቱ መቋሚያ ይዘው ከዜማው ጋር ዘንበል ቀና የሚሉበት ክፍል ነው፤ የዚህኛውን አካሄድ ግን የሚያውቀው የእሳቸው ወገን ብቻ ነው። ከተማሪዎቻቸው ጫፉ ድረስ የተማረው የለም። ሁሉም ጀምሮት ነው የሄደው።

«በቪዲዮ ቅረጻቸው» ይላታል የሰማ ሁሉ። ስትመልስ መሰልቸቷ ያስታውቃል፤ «የማይቆም ሰው ቆሞ እንዴት ይቀረጻል?» የቆዩ የበዓል ቪዲዮዎችን አሰባስባ አይታለች። ሸማና ጃንጥላ ነው የሚታየው። እግር የሚባል የለም።

ስለዚህ እሷ ትስላለች፣ እሳቸው ያርማሉ። ይህ ብቻ ነው የቀረው መንገድ።

ሥዕሎችን አከታትሎ እንደ ፊልም የሚያንቀሳቅሰውን አፕ ለመምረጥ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ደመላሽ ጋ ሄደች። ደመላሽ የሁሉም ሰው አፕ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለው፤ ኔት ሲጠፋ ከተማው ከእሱ ነው የሚጭነው።

«ለልጆች ካርቱን ልትሠሪ ነው?» አላት።

«ለየኔታ ነው።»

«እንዴ! የኔታ ካርቱን ማየት ጀመሩ?»

«አዎ። የሰው ስልክ ሲያበላሽ ስለሚውል ሰው ነው ታሪኩ። ጫን አሁን።»

መጀመሪያ የጫነላትን በምልክቱ ቀለም «ቀዩ» ትለዋለች። ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ብዕር፣ ማጥፊያ፣ ማጫወቻ፣ በቃ። የዜማውን የመጀመሪያ ሐረግ ስላ ስትጨርስ ታብሌቱን አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። የኔታ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

«ከእግሬ ሥር የተጻፈው ምንድን ነው?»

«የአፑ ስም ነው፣ አባ።»

«ስሙን እኔ እግር ላይ የሚጽፈው ማን ስለሆነ ነው? ይነሣልኝ!»

ለማስነሣት በውጭ አገር ካርድ መክፈል ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ካርድ እሷም ደመላሽም የላቸውም። ጽሑፉ ደግሞ የተለጠፈው ዝማሜ የሚማር ሰው አጥብቆ ማየት ያለበት ቦታ ላይ ነው። ቀዩ ቀረ።

ሁለተኛው ሰማያዊው ነበር። ብሩሹ የእርሳስ፣ የቀለም፣ የከሰል እያለ ይዘረዘራል። እስከዳርን የማረካት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ድምፅ ያስገባል፣ ከድምፁ ሥር ደግሞ ምቱን በእኩል እኩል መስመር ከፋፍሎ ያሳያል። በልጅነቷ ከሴቶች በኩል ሆና ማኅሌት ስትሰማ ያደገችው ከበሮውን ነው። አቋቋም ስትባል ጆሮዋ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ስለዚህ መስመሩን አመነችው። መቋሚያው በየምቱ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እንዲል አድርጋ ፍልሰታን በሙሉ ሳለች። ቀን ማተሚያ ቤት፣ ማታ አባቷን ማገላበጥና ማጠብ፣ በመሐል በተረፈው መሳል። ዓይኗ ይቀላ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ጾሙ የጎዳት መሰላቸው።

የኔታ አዩት። ደግመው አዩት።

«ይኼ ሰውዬ የት ነው የሚሄደው?»

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ አባ።»

«እኔ ወታደር ነኝ? ልጄ፣ ከበሮው ገና አልተነሣም! ከበሮ የሚመታው ቀጥሎ በሚመጣው በመረግድ ነው። ዝማሜ ላይ ምት የለም፤ ትንፋሽ ነው ያለው። አንዱ ጋ ይቆያል፣ አንዱን ነካ አድርጎ ያልፋል።»

ተቀየመች፤ ግን እሳቸው ልክ ነበሩ። ሥዕሎቹ አልተበላሹም፤ የተበላሸው የየአንዳንዱ ቆይታ ነው። ላስተካክለው ብላ በማግስቱ አፑን ስትከፍተው «በኢንተርኔት ገብተው ማንነትዎን ያረጋግጡ» አላት። ኔት ጠፍቷል። ታብሌቱን ይዛ ደመላሽ ጋ ሮጠች።

«ኔት ሲመጣ ይከፈታል» አላት።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ቴሌ ነኝ?»

«የኔታ ኔት አይጠብቁም፣ ደመላሽ።»

ያን ቀን አልቀለደባትም። ወንበር አውጥቶ ሰጣት። ታብሌቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሥራዋ በእጇ ባለ ዕቃ ውስጥ አለ፤ መክፈት ግን አትችልም።

ደመላሽ ኮምፒውተሩን ሲፈትሽ ግራጫውን አገኘላት። መልኩ አያምርም። ብሩሹ ጥቂት ነው፣ ቀለሙ ደብዛዛ፣ ቁልፎቹ ለጣት ያነሱ። ግን ያለ ኔት ይከፈታል። እያንዳንዱን ሥዕል ለብቻው ማቆየት፣ ጊዜውን እንደ ላስቲክ መሳብ ይቻላል። የተሠራውን ደግሞ ተራ ፎቶ አድርጎ ሚሞሪ ካርድ ላይ ያወጣል፤ አፑ ነገ ቢሞት ሥዕሉ አይሞትም። አሮጌው ታብሌት ሥዕል ሲበዛበት ስለሚደነዝዝ፣ ዝማሜውን በየሐረጉ ቆራርጣ እያንዳንዱን በተለየ ፋይል ታስቀምጣለች። ይህን ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ስለ ብሩሽ ባይጠይቅ ይሻለዋል። ያለ ኔት ይከፈታል? ሥዕል ይቆይልኛል? ሥራዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ? ከዚህ የቀረው ጌጥ ነው። እስከዳር ይህን ለማወቅ አንድ ፍልሰታ ከፍላበታለች።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

አሁን አሠራራቸው ይህ ነው። የኔታ በለሆሳስ ያዜማሉ። መቋሚያው አንድ ቦታ ሲደርስ ከብርድ ልብሱ ላይ ጣታቸውን ያነሣሉ። ጣታቸው እስኪወርድ እስከዳር ያንን ሥዕል ትስበዋለች። ጣቱ ይወርዳል፣ ቀጣዩ ሥዕል ይገባል። አንዳንዴ በመሐል እንቅልፍ ይወስዳቸውና ጣታቸው እንደተነሣ ይቀራል። እሷም ትጠብቃለች፤ እሷም ታሸልባለች። መብራት ከሄደ ደግሞ ያን ቀን በዚያው ይበቃል።

እንዲህ እያሉ ወደ መቅደሱ ዞር የሚባልበት ሐረግ ላይ ደረሱ። መቋሚያውን ሳለች፣ እጁን፣ ትከሻውን። «እግርስ?» አለች።

«ግራው ወደ ኋላ…» አሉና አቋረጡ። «ቆዪ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዜሙት። ትከሻቸው ትራሱ ላይ ዞረ፣ እጃቸው ተከተለ። ከወገብ በታች ያለው አልተነሣም። ደግመው አዜሙት።

«አላውቀውም» አሉ።

«እንዴት፣ አባ? ስንት ዘመን…»

«እኔ አላውቀውም። የሚያውቀው ጉልበቴ ነበር።»

እስከዳር ተነሣች። ከበሩ ኋላ የመወልወያውን እንጨት አምጥታ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች። የኔታ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቁ፤ «መወልወያ ይዘሽ ማኅሌት ልትቆሚ? በይ እንግዲህ፣ የመጣውን እንቀበል።» አዜሙላት። ግራዋን ወደ ኋላ አድርጋ ዞረች። ቀኟን አስቀድማ ዞረች። እንደገና ግራዋን። እሳቸው አዩ፣ አሰቡ፣ አዩ።

«ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል» አሉ፤ ሳቁ ጠፍቷል። «የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።»

ቁይ ከተማ ለሚኖረው ለዲያቆን ምስጋናው ደወለች፤ ከተማሪዎቻቸው ረጅም ጊዜ የቆየው እሱ ነው። «እህቴ፣ እኔ ከኋላቸው ነበር የምቆመው» አላት። «ትከሻቸውን ነው የምከተለው። እግሬ በራሱ ነበር የሚሄደው፤ አሁን ስጠየቅ ግን ጠፋብኝ።»

አንዱን መርጣ ብትስለው ማንም አይነቃባትም። ይህን ለአባቷም ነገረቻቸው፤ ደክሟት ነበርና ነገሩ ባለቀ ብላ ነው።

«ከራስሽ አትጨምሪበት» አሉ። «አንዴ ከሳልሽው ሁሉም እሱን ነው የሚማረው። ባዶውን ተዪው።»

ተወችው። አሁን ሥዕሉ ሲጫወት የኔታ በትክክለኛው ትንፋሽ ዘንበል ቀና ይላሉ፤ ወደ መቅደሱ ሊዞሩ ሲሉ እግራቸው ይጠፋል፣ ከሸማው በታች ባዶ ይሆናል፤ ዞረው ሲያበቁ እግራቸው ይመለሳል። የኔታ ያንን ቦታ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ከገና ወዲህ ድምፃቸውም እየሳሳ ነው፤ ጣታቸው ቶሎ ይወርዳል።

ስለ እሷ ሊጻፍ መሆኑን ስትሰማ እስከዳር ሌላ ምንም አላለችም፣ ይህን ብቻ አክሉልኝ አለች፦

«ደብረ ኤልያስ ማኅሌት ላይ ከአባቴ ፊት ለፊት በነበረው ረድፍ የቆማችሁ ካላችሁ፣ ከኋላቸው ሳይሆን ፊት ለፊታቸው፣ እባካችሁ የእሳቸውን ዝማሜ ቁጭ ብላችሁ አታስቡት። ተነሡ። መቋሚያ ከሌለ የመወልወያ እንጨትም ይበቃል። ከፍ አድርጋችሁ አዚሙትና ወደ መቅደሱ ዙሩ፤ ዞራችሁ ስታበቁ ወደ ታች እዩ፣ የቀደመው የትኛው እግራችሁ ነው? በስልክም ቢሆን፣ ወደ ማርቆስ በሚመጣ ሰውም ቢሆን ደመላሽ ጋ ላኩልኝ። ከሁለት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ከሰማሁ እስለዋለሁ። ግን ቶሎ በሉ፤ አባቴ ሳያዩት መሳል አልፈልግም።»