ከሰዓቴን የመለሱልኝ ሰዎች

መጀመሪያ የከዳኝ ግራ እግሬ ነው። ከሶዶ ወጥቼ በሻንቶ መንገድ ሳይክሌን እየነዳሁ፣ ዳገትም በሌለበት፣ ግራ እግሬ ከፔዳሉ ወረደና አስፋልቱን ጫረ። መለስኩት። ትንሽ እንደሄድኩ እንደገና ወረደ። ቆምኩና ፔዳሉን ሰደብኩት። ዕድሜ ልኩን ያገለገለኝን እግር ከመጠርጠር አምና የተገዛውን ፔዳል መጠርጠር ቀለለኝ።

ሳይክል ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ፔዳሉ ምንም አልሆነም» አለኝ። «ቀይረው» አልኩት። ቀየረው። አዲሱም እግሬን ጣለው። «ዘንድሮ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንደዚሁ ነው» ብዬ ተመለስኩ። እግሬ ላይ የሆነው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ እንደተጀመረ ማን ያስባል? ጭንቅላቴ ውስጥ ነገር እንዳለ ራሱ ብዙ ሰው ይጠራጠር ነበር።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ ሽማግሌ ላላቸው፣ ወይም እንደ እኔ ሽማግሌው እነሱ ራሳቸው ለሆኑ ሰዎች ነው። የማስታውሰው የተቆራረጠ ነው። የጎደለውን ባለቤቴ አበበች ሞልታልኛለች። እሷ በሞላችው ቦታ ሁሉ እኔ ጥሩ ሆኜ አልታይም፤ እውነት መሆኑን ያወቅሁትም በዚያ ነው።

ሕመሜን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ሥራዬን መረዳት ያስፈልጋል። እኔ ሙያዬን የመረጥኩት በሳይክል ነው። ወጣት ሳለሁ ለባንክ ሥራ ተፈትኜ አልፌ ነበር። ባንክ ጠዋት ገብተህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምትወጣበት ቤት ነው። መምህርነት ግን ያን ጊዜ ፈረቃ ነበረው፤ የጠዋቱ ፈረቃ ሲያልቅ ቀኑ ገና ግማሽ ይተርፋል። እኔ መምህርነትን ሳይሆን የተረፈውን ግማሽ መረጥኩ። አባቴ ነፍሱን ይማርና «ልጄ ባንክን ትቶ ትውልድ ሊቀርጽ ሄደ» እያለ በየለቅሶው ሲያወራልኝ ኖሯል። ጂኦግራፊ አስተማርኩ። ከሰዓት በኋላ ያስተማርኩትን መሬት በሳይክል አየሁት፤ አንድ ቀን ወደ ሻንቶ፣ ሌላ ቀን ቁልቁል ወደ ዲምቱ። ርዕሰ መምህር ሁን ባሉኝ ቁጥር «ራሴን ያመኛል» እላቸው ነበር። እግዚአብሔር ዘግይቶም ቢሆን ይሰማል።

ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ ሙሉውን ቀን ይሰጥሃል፣ ደመወዙን ይወስድብሃል። ያን ጊዜ ተክሌ መጣ። ተክሌ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቷል።

«መምህር፣ ምክትል ርዕሰ መምህር ይሁኑልኝ። ቢሮ አለ፣ የሚሽከረከር ወንበር አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ እርስዎ ብቻ ይቀመጡልኝ» አለኝ።

አበበች ፊቷ በራ። የእኔ ጨለመ። እሷ የምታስበው የቤቱን ወጪ ነበር፤ ትክክል ነበረች። እኔ የማስበው ከሰዓቴን ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን ከሰዓት ጥርሴ ካለቀ በኋላ ልሸጠው? «መልሴን ለጊፋታ እነግርሃለሁ» አልኩት። በወላይታ ዘመን የሚለወጠው በጊፋታ ነውና የሰው ሐሳብም አብሮ ይለወጥ ይሆናል ብዬ ነው።

ሐሳቤ ሳይለወጥ ጭንቅላቴ ተለወጠ።

ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኝ ጀመር። ከዚያ እንቅልፍ። ከዚያ ግራ መጋባት። ከጓሮ ስመለስ አንድ ጫማ ብቻ አድርጌ እገኛለሁ፤ የግራው መንገድ ላይ ቀርቷል፣ እኔ አላወቅሁም። ሸሚዜን በአንድ እጅጌ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ አሉ። መናኸሪያ ቆሜ ወደ ቤሌ የሚሄደውን ሚኒባስ ስጠብቅ ተገኝቻለሁ፤ ቤሌ ማንንም አላውቅም። ሰው ያየኛል፣ ይስቃል፣ ያልፋል።

ምክንያቱ ይኸው ነው። እኔ በሶዶ የታወቅሁት በቀልድ ነው። በለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ከአጠገቤ የሚቀመጠው ሳቁን በነጠላ ሸፍኖ ነው። ስለዚህ ጫማ ሳላደርግ ብወጣ «ጋሽ ዳና ዛሬ ደግሞ ምን አመጡ!» ይባላል። ልጄ ብርሃኑን በሟች ወንድሜ ስም ጠራሁት። «አባባ፣ ይሄኛው አያስቅም» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። ይባስ ብሎ እኔ ራሴም አምኜ ነበር። አንድ ነገር ሲሳሳትብኝ ሰው ከመጠየቁ በፊት እስቃለሁ። ለምን እንደምስቅ ግን አላውቅም ነበር።

ጊፋታ ደረሰ።

በሰፈራችን በሬ ገዝተን አርደን እንካፈላለን። ቅርጫውን የምደለድለው እኔ ነኝ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ። የእንሰት ቅጠል በሁለት ረድፍ ይነጠፋል። ከየብልቱ፣ ከጎድኑም ከጉበቱም፣ በየቅጠሉ እኩል ይደረጋል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። በእኔ ድልድል ተነሥቶ «አነሰኝ» ያለ ሰው የለም፤ ካለም በቀልድ አሳፍሬ አስቀምጬዋለሁ።

ያን ቀን ጎንበስ ብዬ ደለደልኩ። ጨረስኩና ቀና አልኩ። «ዕጣ አውጡ!» አልኩ።

ሳቅ ተነሣ። አንዱ ጎረቤት ሆዱን ይዞ «ጋሽ ዳና! በግራ በኩል ያለን ሰዎች ዘንድሮ ልንጾም ነው?» አለ።

አበበች ድርሻችንን ልትወስድ ሳፋ ይዛ ቆማ ነበር። ያየችውን እንዲህ ትናገራለች። የቀኙ ረድፍ ሞልቶ ተትረፍርፏል። የግራው ረድፍ ባዶ ቅጠል ነው። አንድም ቁራጭ የለበትም። እሷም በመጀመሪያ ፈገግ አለች።

ከዚያ እኔን አየች።

እኔ አልሳቅሁም። አንድ በአንድ አየኋቸውና «ምን ያስቃችኋል?» አልኩ።

«በራሱ ቀልድ መጀመሪያ የሚስቀው እሱ ነው» ትላለች አበበች። «ሌላው ሳይገባው እሱ ስቆ ይጨርሳል። ያን ቀን ግን ዓይኑ ባዶ ነበር።» ሳፋውን ጣለችው። ድምፁ ትዝ ይለኛል። ከቅርጫው የቀረልኝ ያ ድምፅ ብቻ ነው።

«ብርሃኑ! መኪና ፈልግ!» አለች።

ጎረቤት «ቆይ፣ ትንሽ ጠጥቶ ይሆናል» አለ። «አልጠጣም» አለች። «እንግዲያው እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ ሌላው። «ትናንት ያላረጀ ሰው ዛሬ ጠዋት አያረጅም!» ብላ ጮኸችበት። ጸበል በራሴ ላይ ረጨችና መኪና ውስጥ ከተተችኝ።

ሐኪም ቤት። ነጭ መብራት። ግራ እጄ የለም። አለ፣ ግን የእኔ አይደለም።

ዶክተሩ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለኝ።

«አንተ ተምረህ የማታውቀውን እኔን ትጠይቀኛለህ?»

አልሳቀም። ያዳነኝ አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ዶክተሩ ቀልደኛ መሆኔን አያውቅም ነበር። «ሁለቱንም እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለኝ። ዘረጋሁ። ግራው ቀስ ብሎ ወረደ። እኔ እንደተዘረጋ ነው የማውቀው።

ወደ አበበች ዞሮ «በቅርቡ ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል?» አለ።

ብርሃኑ ቀደመ። «ሳይክል ነው! እኔ ስንት ጊዜ ተናገርኩ፤ በዚህ ዕድሜ ሳይክል! ነገውኑ ነው የምሸጠው።»

አበበች «ሳይክል አይደለም፣ ባጃጅ ነው» አለች። ነሐሴ ላይ ዶፍ ይጥል ነበር፤ እኔ ለቅሶ ለመድረስ ሳይክሌን ሳወጣ እሷ ናት «ትወድቅና ትሰበራለህ፣ ባጃጅ ያዝ» ያለችኝ። ያዝኩ። ስወርድ አናቴን ከባጃጁ ብረት ጋር አጋጨሁት። አልደማም። ቅቤ ቀባችልኝ፣ ሳቅን፣ ረሳነው። አርባ ዓመት ሳይክል ያልጣለኝን እኔን የቆመ ባጃጅ ጣለኝ።

ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ዶክተሩ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ ለአበበች አሳያት። «ክሮኒክ ሰብዱራል ሄማቶማ ይባላል። በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ተጠራቅሟል። በቀኝ በኩል ስለሆነ ግራቸውን ነው የያዘው። ቀስ እያለ ሳምንታት ወስዶ ነው የሚገፋው።» ለልብ ብዬ የምወስደውን አስፒሪንም ጠየቀ። እሱም ደሙ እንዳይቆም ሳያግዝ አልቀረም አለ።

«ይድናል?» አለች።

«ቶሎ ከሠራነው ብዙዎቹ ይድናሉ።»

ብዙዎቹ። ሁሉም አላለም። ሰምታለች።

ጭንቅላቴን ላጩኝ። ቀዳዳ ከፈቱ፤ በር ሆል ይሉታል። የወጣው ደም ጠቁሮ ነበር አሉ። ቀሪው እንዲፈስ ቀጭን ቱቦ ተዉልኝ። እኔ የለሁም። የት እንደነበርኩ አላውቅም።

ስነቃ አበበች አጠገቤ ነበረች። ግራ እጄን ይዛዋለች። እንደያዘችው ተሰማኝ። ስለ ሕመሜ ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም፤ ግራ እጄ ላይ ሻካራ መዳፏ ተሰማኝ።

«ቅርጫው እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«እንደገና ደለደሉት። አንተን አላማከሩም።»

ማገገም የጀመርኩት ከዚያ ነው፤ መገረምም የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ምክንያቱም በጠፋሁባቸው ሳምንታት ያደረግሁትን አንድ በአንድ ጠያቂዎቼ ይዘውልኝ ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ ማርቆስ መጣ፤ በመናኸሪያው የተራ አስከባሪዎች ኃላፊ ነው። ሙዝ ይዟል፣ ከሙዙ ጋር ፊሽካ ይዟል። «ጋሼ፣ እንደተሻለዎት ይጀምራሉ፤ የቤሌ መስመር ክፍት ነው» አለኝ። ለካ ሚኒባስ እየጠበቅሁ የቆምኩ ዕለት ሥራ ጠይቄው፣ እሱም ቃል ገብቶልኝ፣ እጅ ተጨባብጠናል! ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው ሲል በቁም ነገር የተቀበለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ፊሽካውን ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። በማግስቱ ሌላ ሰው መጥቶ የዕቁባችን ዳኛ ልትሆን ተስማምተህ የለም እንዴ አለኝ። ዕድሜ ልኬን ከአንድ ሥራ በላይ እንዳይሰጠኝ ስሸሽ ኖሬ፣ አእምሮዬ ሲናጋ የከተማውን ክፍት ቦታ ሁሉ ያዝኩት።

እንግዲህ ተክሌ ሲመጣ ፈራሁ። ለእሱ ምን ብዬው ይሆን? በገባ ጊዜ አልጋዬ ላይ ቀና አልኩና «ተክሌ፣ አንተንም እሺ ብዬሃለሁ መሰለኝ» አልኩት።

«እርስዎ አይደሉም መምህር» አለኝና ወደ አበበች አየ። «እማማ ናቸው የነገሩኝ።»

ለካ እኔ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሳለሁ ተክሌ ውጭ አብሯት ተቀምጦ ነበር። አበበች ያን የሚሽከረከር ወንበር ከእኔ ይልቅ የፈለገችው ሴት ናት። እዚያ አግዳሚ ላይ ግን እንዲህ አለችው፤ «ከተነሣ ጠዋት ያስተምርልህ። ቢሮ አልፈልግም። ከሰዓቱ የእሱ ነው።»

ለምን እንዳለች ኋላ ጠየቅኋት። ድንች እየላጠች ነበር። «ሳይክል ባይነዳ ኖሮ እግርህ እንደከዳህ መቼ ታውቅ ነበር? ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ አለ የለም ምን ያውቃል» አለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ደግሞ ከሰዓት እቤት ስትውል አትቻልም» ጨመረች።

ተክሌ «ግማሽ ቀን ከሆነ ደመወዙም ግማሽ ነው፣ መምህር» ብሎኝ ነበር። «ጭንቅላቱም ግማሽ ነው፣ እኩል ነን» ብዬ ተስማማሁ።

ዶክተሩ እስከ ጥር ሳይክል ከለከለኝ። በረንዳ ላይ አቆምኩት። ኳስ በግራ እጄ እየጨመቅሁ፣ ግድግዳ ይዤ እየተራመድኩ፣ እሱም እኔን እኔም እሱን እያየን ከረምን። ብርሃኑ ሳይሸጠው ቀረ፤ እንዲያውም ጎማውን ነፍቶ ሄልሜት ገዝቶ አንጠለጠለበት፣ እኔም ሄልሜቱን ባጃጅ ስሳፈርም አደርገዋለሁ ብዬ አስጠነቀቅሁት። በጥር ሲቲ ስካኑ ተደገመ። «ንጹሕ ነው፣ ጋሼ። በቀስታ ይንዱ» አለኝ ዶክተሩ፤ በዚህ ጊዜ ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ለሰባተኛ ክፍል ስለ ስምጥ ሸለቆ አስተማርኩ፤ ከሰዓት በሻንቶ መንገድ ወጣሁ። ዳሞት ተራራ ከኋላዬ ነበር፣ ነፋሱ ከፊቴ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ሳይሆን ግራ እግሬ ላይ ነበር። አልወረደም።

ለምትጠይቁኝ የምለው ትንሽ ነው። ሽማግሌ ራሱን ከተመታ፣ በተለይ አስፒሪን የሚወስድ ከሆነ፣ ባይደማም ቀኑን አትርሱት፤ ነገሩ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የጠዋት ራስ ምታት፣ እንቅልፍ፣ አንድ ጎን መድከም፣ ግራ መጋባት ከታየ «አርጅቷል» ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ መመታቱንም ንገሩ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ወጣቶች ደግሞ፣ ሥራ ስትመርጡ የሚሰጣችሁን ብቻ ሳይሆን የሚያስቀርላችሁን ጠይቁ። የእኔ ዕድሜ የተረፈው ከሥራ በተረፈው ሰዓት ውስጥ ነው።

ያን ወጣት ዶክተር፣ ጭንቅላቴን እንደ ሕፃን ያጠቡልኝን ነርሶች፣ መኪናውን በበዓል ቀን የሰጠንን ጎረቤት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አበበችን ማመስገን ግን አልችልበትም፤ ስጀምር ትቆጣኛለች።

ቤታችን ውስጥ አሁን አንድ ሕግ አለ። ስቀልድ መጀመሪያ መሳቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ትናንት ከሻንቶ ስመለስ በር ላይ ጠብቃ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለችኝ።

«ጊፋታ» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ፤ እጇ ወደ ግራ እጄ ሄደ። ቶሎ ብዬ ሳቅሁ። በያዘችው እጄ አጥብቄ ያዝኳት፣ እስክትስቅ ድረስም አልለቀቅኋትም።