ሦስት አፍንጫ ለአንድ ጥድ

ቅዳሜ ጠዋት ከጀሞ የተነሣሁት ሳልወድ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ፈተና ሳርም ከርሜ ዐይኔ አብጧል፤ ያማረኝ እንቅልፍ እንጂ ዛፍ አልነበረም። ግን የእናቴ ታላቅ እኅት እትዬ ዘነበች ስልክ ደውላ አስጨነቀችኝ። መካኒሳ አቦ አካባቢ ያለው ግቢዋ ውስጥ አንድ ያረጀ ጥድ አለ። ባለፈው ሳምንት ነፋስ ትልቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎ የጎረቤቷ የሸምሱ ጣሪያ ላይ ጣለው። በዚያ ቆርቆሮ ሥር ሦስት ልጆች ይተኛሉ።

“ሰውዬው ምንም አላለኝም” አለችኝ፤ “ግን ማታ ማታ ይወጣና በባትሪ ወደ ላይ እያበራ ያያል። ዛፍ ዐዋቂዋ አንቺ አይደለሽ? ነይና ደህና ነው በይልኝ፤ ይረጋጋ።”

መርምሪልኝ አላለችም። ደህና ነው በይልኝ ነው ያለችው።

የማስተምረው የደን ሥነ ሕይወት ነው። ዛፍን በዐይን ብቻ አትመኑት፣ ዳስሱት፣ አንኳኩት፣ አሽትቱት እያልኩ ተማሪ ሳሰለች ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። አሁን ግን ሰኔ ላይ የያዘኝ ጉንፋን ሲለቀኝ ማሽተቴንም ይዞት ሄዷል። ባሕር ዛፍ ታጠንኩ፣ ዳማከሴ ጨምቄ አፍንጫዬ ውስጥ ጨመርኩ፤ ወይ ፍንክች! የምበላው ሁሉ ጨው ጨው ብቻ ይለኛል። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ መዶሻና መሰርሰሪያዬን በቦርሳ ይዤ የወጣሁት።

ጀሞ፣ ሁለት ሰዓት

የታክሲው ሰልፍ ከፋርማሲው በር አልፎ ወደ ኮንዶሚኒየሙ አጥር ታጥፏል። ካፊያ አለ። ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ ጫማውን ከጭቃ እየነቀለ፣ “እናት፣ ይሄ የመካኒሳ ሰልፍ ነው ወይስ የሜክሲኮ?” አለኝ።

“እኔም ሰው ቆሞ ስላየሁ ነው የቆምኩት።”

“እንደሱ ከሆነ አብረን እንጠፋለን” ብሎ ዣንጥላውን አጋራኝ። የጠዋቱ ደግ ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

ታክሲው ውስጥ ረዳቱ “ጠጋ ጠጋ በሉ!” እያለ በሦስት ሰው ወንበር አራት አስቀመጠን። ድልድዩን ስንሻገር ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አፍንጫውን ያዘ፤ መስኮቶቹ ጧ ጧ እያሉ ተዘጉ። የወንዙ ሽታ መሆኑ ነው። እኔ እጄን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ተቀምጬ ቀረሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች “ምን ዓይነት ሴት ናት” በሚል ዐይን አየችኝ። ከሰኔ ወዲህ ሕመሜ የጠቀመኝ ያኔ ብቻ ነው።

መካኒሳ አቦ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ከዋናው መንገድ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ኮብልስቶኑ አንዳንድ ቦታ ተነቅሎ ውሃ ቋጥሯል። በሃያ ብር በቆሎ ጥብስ ገዝቼ እየበላሁ ሄድኩ፤ መሞቁን እንጂ ጣዕሙን አላውቀውም። ጥዱ ከሩቅ ይታያል፤ ከፎቆቹ መሃል አናቱ ጠቁሮ፣ ትንሽ ወደ ሸምሱ ቤት አዘንብሎ።

አክስቴ በር ላይ ጠብቃኝ ጉንጬን ሳመችና ወዲያው ወደ ግንዱ ጎተተችኝ። ባሏ በሕይወት ሳለ ቤቱን ሲሠራ ጥዱን አልቆርጥም ብሎ የሳሎኑን አንድ ጥግ ወደ ውስጥ ሰብሮ ለዛፉ ቦታ ትቶለታል። ከዚያ ወዲህ አልጋ በገባ፣ ሶፋ በተገዛ ቁጥር በዚያ ጥግ ምክንያት ክርክር ነበር። አሁን እሱ የለም፤ ዛፉ አለ። እትዬ ዘነበች ይህን አልነገረችኝም፣ እኔው ነኝ የማውቀው።

ሸምሱ ከሱቁ ተጠርቶ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ትሑት ሰው ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ።

“ደከሙ ዶክተር። ለዚች ነገር ባልተቸገሩ።”

ሥራዬን ጀመርኩ። ግንዱን በመዶሻ እያንኳኳሁ ጆሮዬን ብለጥፍም ከግቢው ጀርባ ያለው ብረት ቤት ሲቆርጥና ሲበይድ ምንም አያሰማም። መሃሉ ቀዳዳ የሆነውን የእጅ መሰርሰሪያ ግንዱ ውስጥ አስገብቼ የስክሪብቶ ቀፎ የሚያህል ቀጭን እንጨት አወጣሁ። ቀለሙን አየሁት፤ ጥድ ልቡ ድሮም ቀላ ያለ ነው፣ ዝናብ ደግሞ አጥቁሮታል። ጠንከር ያለም ይመስላል። የቀረኝ ሽታው ነበር። ጤነኛ ጥድ እንደ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፤ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት። ምንም።

“አቶ ሸምሱ፣ እኔ አይሸተኝም፤ እርስዎ ያሽትቱልኝ።”

ተቀብሎ ትንሽ አቆየው። አክስቴን አየት አደረገና ቶሎ መለሰልኝ።

“ደህና ነው። ጥድ ጥድ ነው የሚለው።”

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ስጋት ያለበት ሰው ራሱ ደህና ነው ካለ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ቤቴ ገብቼ ልተኛ ነው። መሰርሰሪያውን መጥረግ ጀመርኩ።

“ይኸው! አላልኩም?” አለች እትዬ ዘነበች። “እስቲ አምጪው፣ እኔም ላሽትተው።” ደስ ብሏት፣ እንደ ሽቶ ልትምገው ነው የወሰደችው። ሳበችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። ዞር ብላ እንደገና ሳበችው።

“ይሄ ጥድ አይሸትም።”

“ምን ይሸታል እትዬ?”

“ርሶ የከረመ ጆንያ።”

ሸምሱ መሬት መሬት ያያል። እኔ ተንበርክኬ ከሥሩ ጠጋ ብዬ እንደገና ሰረሰርኩ። መጀመሪያ ታገለኝ፤ ከዚያ ድንገት እጄ ላላና መሰርሰሪያው ያለ ጉልበት ገባ። ሲወጣ መዳፌ ላይ የቀረው እንጨት ሳይሆን ፍርፋሪ ነበር። ልቡ በስብሷል። “እትዬ፣ መቆረጥ አለበት፤ ይወድቃል” አልኳት።

እሷ ግን እኔን አትሰማም። ሸምሱን ነው የምታየው።

“አንተ አልሸተተህም?”

“ሸትቶኛል እትዬ።”

“ታዲያ?”

“እንዴት ብዬ ዛፍዎ በስብሷል ልበል? በእኔ አፍ እንዳይቆረጥ ብዬ ነው።”

“ልጆችህ እኮ ከሥሩ ነው የሚተኙት!” ጮኸችበት። “ለእኔ ይሉኝታ ብለህ ልጆችህን ልታስበላ ነበር? አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?” ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። “ና ተቀመጥ። ና ስልህ!”

ሁለቱ እዚያ ተቀምጠው ወደ ላይ ሲያዩ እኔ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ሱፍ ፍትፍት ቀርቦልኝ ሁለት ጉርሻ በላሁ። እሷ አልቀመሰችም።

መልስ

የመመለሻው ታክሲ ቶሎ ተገኘ፤ ግን መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም። ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ አክስቴ ለደስታዋ ብላ እንጨቱን ባትቀበለኝ ኖሮ ደህና ነው ብዬ እመለስ ነበር። ለተማሪዎቼ የስሜት ሕዋሳችሁን እመኑ እላለሁ። ከእንግዲህ የምጨምረው አለኝ። አፍንጫ ብቻውን አይቆምም፤ ጎረቤት ያለው ሰው ፊት ላይ ነው ያለው። ሰው ደግሞ ሌላውን ላለማሳዘን ሲል የሸተተውን አልሸተተኝም ይላል። ዛፍ ስመረምር ከአጠገቡ ያሉትንም ሰዎች ማየት ነበረብኝ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ወደቅሁ። ከመሸ በኋላ እትዬ ዘነበች ደወለች። ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ።

“የሸምሱ ልጆች ናቸው” አለችኝ። “ዛፉ እስኪነሣ እኔ ጋ ነው የሚያድሩት፤ ከዛፉ ራቅ አድርጌ በጓዳው በኩል ፍራሽ አንጥፌላቸዋለሁ። ሰኞ የመቁረጫ ፈቃድ ለማውጣት ወረዳ እሄዳለሁ።”

“አንቺስ እንዴት ነሽ እትዬ?”

አንዱን ልጅ “ተው አንተ!” ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ቅድም ወጥቼ ጥዱን አቀፍኩት። ሸምሱ እንዳያየኝ ብዬ የበረንዳውን መብራት አጥፍቼ።”