ከምሽት ወደ ማለዳ የተዛወረው ድምፅ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ስም አልጽፍም፤ ደባርቅ ላይ የሚያውቀን ያውቀናል፣ ለማያውቀን ደግሞ ስማችን ምንም አይጨምርለትም። አንዱ እኔ ነኝ፤ ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ የሚደርሰውን መንገድ የሚጠግኑ ሠራተኞች ካቦ ነበርሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከስሚንቶ ከረጢትና ከመንገድ ዳር ምልክት ላይ ነው። ሌላዋ ባለቤቴ ናት። ከዚያ የመጀመሪያ ልጃችን። ከዚያ የንስሐ አባታችን፣ ልጅቱን በሰማንያ ቀኗ ያጠመቋት። ከዚያ የባለቤቴ ወንድም፣ በቡይት ራስ መንገድ ገብስ የሚያርስ፣ በሰው ሠርግ ላይ እንኳ እንባው የሚቀድመው ሰው። የመጨረሻው ጎረቤታችን ባለ ወፍጮው ነው፤ እሱ ወፍጮው ሲቆም እንኳ አፉ አይቆምም ነበር። ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ወጣት ልጅ ያላት እናት ሁሉ ደጅ ደጁን በምታይባቸው ዓመታት ነው።

ልጄ ጎንደር ላይ ትምህርቷን ስትጨርስ የእኔ ፍላጎት ዳባት አስተማሪ እንድትሆን ነበር። ደመወዙ ይታወቃል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ ሲመሽ ቤቷ ትገባለች። እሷ ግን አዲስ አበባ ሄዳ ሚሲዮኖች በሚያስተዳድሩት የሬዲዮ ጣቢያ አንባቢ ሆና ተቀጠረች። ልትሰናበተን ስትመጣ ተጣላን።

«ፊቱን ለማታዪው ሰው ማውራት ሥራ ነው?» አልኋት።

«እርስዎስ አባባ፣ ስሙን ለማያውቁት ሰው አይደል መንገድ የሚጠግኑት?» አለችኝ።

መልሱ ትክክል ስለ ነበር ተቆጣሁ። ሳልመርቃት ሄደች።

ሬዲዮ የገዛሁት ባለቤቴ ስለ ጨቀጨቀችኝ ነው እያልሁ ለሰው እናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

የልጄ ዝግጅት የሚጀምረው ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። «እንደምን አመሻችሁ» ስትል አነጋገሯ ያው የእኛው ነው፤ ቀስ ያለ፣ ቃሉን እስከ ጫፉ የሚያደርስ። የአድማጭ ደብዳቤ ታነባለች፤ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው፣ ከብት እግሩ ሲቆስል ምን እንደሚደረግ ትናገራለች፤ አንዳንዴም አጭር ታሪክ ታነባለች። በመጨረሻ፣ «እናቶች፣ ሰላም እደሩልኝ» ብላ ትዘጋለች። ባለቤቴ ሁልጊዜ «አሜን፣ አንቺም እደሪልኝ» ትላለች። ከዚያ የሚሲዮኖቹ መዝሙር ይከተላል። መዝሙሩ ሲጀምር የንስሐ አባታችን ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ይስባሉ፤ የእሷን ንባብ ግን አንድ ቀን አላሳለፉም።

የወፍጮው ሞተር እየሠራ ሬዲዮናችን ይንጫጫል፣ አንድ ቃል አይለይም። ስለዚህ ባለ ወፍጮው ሰዓቱ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ዱቄቱን ከልብሱ እያራገፈ ይመጣል። እህል ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ይቆጡታል።

«ልጆቼ ጦማቸውን ይደሩ ለአንተ ሬዲዮ ብዬ?»

«የካቦ ልጅ ልትናገር ነው። እህሉም ይስማ!» ይላቸዋል።

እኔ እንደ ልማዴ አርማት ነበር። «ቃሉን ዋጥሽው፣ ቀስ በዪ» እላለሁ ወደ ሣጥኑ።

«አንተ ሰው፣ ሣጥን ውስጥም ተከትለሃት ልትገባ ነው?» ትለኛለች ባለቤቴ። እሷም አላወቀችም እንጂ ልገባ ቢቻለኝ እገባ ነበር።

አንድ ምሽት በሰላምታዋ ፈንታ የሰልፍ ሙዚቃ ወጣ። ቀጥሎ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ጣቢያው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፊው ሕዝብ ንብረት እንደ ሆነና ስሙም እንደ ተለወጠ አነበበ። ከዚያ መግለጫ፣ ከመግለጫው ቀጥሎ ሌላ መግለጫ።

«የሰፊው ሕዝብ ከሆነማ የእኔም ነው። ልጅቱን መልሱልኝ ብዬ ልላክባቸው?» አለ ባለ ወፍጮው።

«ዝም በል አንተ፣ በሩ ክፍት ነው» አሉት የንስሐ አባታችን።

በማግሥቱም ሰልፍ ነበር። በሣልስቱም። ጥቂት ቆይቶ የምሽቱ ሞገድ ራሱ ጠፋ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ድምፅ ብቻ ቀረ። ባለቤቴ ግን ያንኑ ዝናብ እየሰማች በሰዓቷ ትቀመጣለች። የደከመውን ባትሪ ድንጋይ ጉልበት እንዲያገኝ በየቀኑ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ማታ ትመልሰዋለች።

እኔ መንግሥት የሚሠራውን የምነቅፍ ሰው አልነበርሁም። በሁለቱም መንግሥት ያንኑ መንገድ ጠግኛለሁ። ነገር ግን መንገድ ስንዘጋ አስቀድመን ከሩቅ ድንጋይ ደርድረን ቀይ ጨርቅ እንተክላለን፤ የሚመጣው ሾፌር ገደል እንዳይገባ። ሰዓት የሚለውጥ ሰው በዚያ ሰዓት ማን ኑሮውን እንደ ሰደረ መጠየቅ አለበት። ለእኛ ቀይ ጨርቅ የተከለልን የለም።

ደብዳቤዋም ቀረ። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ስለሚከፈት ብዙ ሰው መጻፍ ትቶ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ባለቤቴም ታውቃለች። ግን ማወቅ አያስተኛም። በየሰፈሩ መርዶ ይገባ ነበር። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌዎች ቄስ ይዘው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይመጡና የሟቹን ዘመድ ቁጭ በል ብለው ይነግሩታል። ባለቤቴ ገና ሳይነጋ እየተነሣች በበሩ ስንጥቅ ውጭውን ማየት ጀመረች። ደጃችን ባዶ መሆኑን ካየች በኋላ ነው እሳት የምታነደው። አይቻት እንዳላየሁ እተኛለሁ።

አንድ ቀን ሊማሊሞ ላይ የተናደ አፈር ስናነሣ መንገድ እስኪከፈትለት የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር አጫወተኝ። በማለዳ ሲነዳ ሬዲዮ ይሰማል።

«ለገበሬ የሚነገር ዝግጅት አለ፣ ጎህ ሲል። የምታነበው ሴት ልክ እንደ እናንተ ነው የምትናገረው። መርፌውን ወደ ግራ ጫፍ ውሰደው፤ ፀሐይ ከወጣች ግን አታገኘውም፣ ይሟሟል» አለኝ።

ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ያላረጋገጥሁትን ተስፋ ለሰው አልሰጥም፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚህ ነው። በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ሬዲዮኑን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጣቢያው አለ፣ ግን እንደ ትንፋሽ ነው። ከአንቴናው ጋር ያሰርሁትን ሽቦ ባሕር ዛፉ ላይ ወስጄ ወደ ዳገቱ አቅጣጫ ብይዘው እንደሚሻል ተረዳሁ። አንዲት ሴት ስታነብ ሰማሁ፤ እሷ መሰለችኝ። ግን የገዛ ጆሮዬን አላመንሁትም፤ በናፍቆት ብዛት የማንንም ሴት ድምፅ የእሷ ያደርገዋል። ምስክር ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ ድምፅዋን የሚያውቁትን ሦስቱን፣ የንስሐ አባታችንን፣ አጎቷንና ባለ ወፍጮውን፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ኑ አልኋቸው። «ባለቤቴን እንዳትቀሰቅሱ ዝም ብላችሁ ግቡ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። እኔ ዛፉ ላይ ነኝ።»

ሬዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ሽቦውን በመስኮት አውጥቼ ዛፉ ላይ ወጣሁ። ውርጩ መሬቱን አንጥቶታል። ከላይ ሆኜ አየኋቸው፤ ሦስት ነጭ ጋቢ፣ በመካከል መስቀል፣ አንድም ቃል የለም። የጠራኋቸው እኔው ራሴ ነኝ፤ አመጣጣቸው ግን የመርዶ ነጋሪ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት ባለቤቴ፣ ገርበብ ካለው በር የገባው ብርድ ቀስቅሷት ኖሮ፣ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

ባለ ወፍጮው ሰዓቱ እንዳያልፍ ብሎ በጎኗ አልፎ ወደ ሬዲዮኑ ገባ፤ የንስሐ አባታችንም ተከተሉት። ወንድሟ ፊት ለፊቷ ቀረ። ልጅቱ በሕይወት ልትገኝ ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ያደረ ሰው ነው፤ እህቱን ሲያይ እንባው መጣ።

«እታለም፣ እስቲ ቁጭ በይ» አላት።

መርዶ ነጋሪ የሚለው ያንኑ ነው። ባለቤቴ እንዲያ ስትጮኽ ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቻት አላውቅም። እኔም ዛፍ ላይ ሆኜ ስሰማት፣ እነሱ ማታውን ሌላ ወሬ ሰምተው፣ እውነተኛውን መርዶ ይዘው የመጡ መሰለኝ። እጄ ሽቦውን ለቀቀው።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ሽቦውን ከመልቀቄ በፊት ሬዲዮኑ ተናግሮ ነበር። «እንደምን አደራችሁ፣ የገጠር ወገኖቻችን» አለ በእሷ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እስከ ጫፉ አድርሶ። የንስሐ አባታችን ሰሙ። ባለ ወፍጮው ሰማ። ከዚያ ያ የቆርቆሮ ዝናብ።

«ናት! እሷው ናት!» እያለ ባለ ወፍጮው ደረቱን እየመታ ወጣ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደርሰው ነበር፤ ሙሾ የሚያወጣ መስሏቸው እያለቀሱ ተቀበሉት። እኔ ከዛፉ ወርጄ ስደርስ ባለቤቴ ፊቷን ነጭታዋለች።

ነገሩን አስረዳናት። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው «በጆሮዬ ሰማኋት፣ ልጄ» አሏት። መስቀሉን ተሳለመችና፣

«ሊያጽናኑኝ ነው አባ። እርስዎም ለእኔ ብለው ዋሹ» አለቻቸው።

በማግሥቱ ማለዳ ራሷ እንድትሰማ አስበን ነበር። ግን በዚያው ቀን ቀበሌዎች መጡ። ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደ ተሰበሰበ ጠየቁ፤ ቀና ብለው ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን አዩ። «ይህን ያህል ሽቦ የየትኛውን ሬዲዮ ወሬ ለመስማት ነው?» አሉኝ። የሰፊውን ሕዝብ ሬዲዮ ነው ብላቸው ሳቁ። ሽቦውን ጠቅልለው ወሰዱ፤ ዳግመኛ እንዳይሰቀል ብለውም አስጠነቀቁኝ። ያለ ሽቦው ማለዳው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ባለቤቴ ተኛች፤ ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ማስጣቱንም ተወችው።

ወሬ ግን ሽቦ አያስፈልገውም። በካቦ ቤት ልቅሶ ሆነ የሚለውን መኪና ጫኞች ይዘውት ጎንደር ገቡ፤ ከዚያ አንድ ነጋዴ አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ ለልጄ ነገራት። ማን እንደ ሞተ አልሰማም ነበር።

አውቶቡሱ ደባርቅ ሲቆም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ወረደች። ያለቀሱላት ሴቶች ሲያዩዋት አንዷ እየጮኸች ሮጣ ወፍጮ ቤት ገባች።

«ምን ሆንሽ! የሞተ ሰው በአውቶቡስ አይመጣም፤ ትኬቱን ማን ይቆርጥለታል?» ብሎ ባለ ወፍጮው ወጥቶ አየና እሱም ተንበረከከ።

ባለቤቴ ከአልጋዋ ተነሥታ በር ላይ አገኘቻት።

«ለማን ነው የለበስሽው?» አለቻት።

«ለእርስዎ፣ እማማ።»

ጣቢያው ሲወሰድ ብዙዎቹን እንዳሰናበቱ፣ እሷን በኋላ ክፍል ጽሕፈት ላይ አስቀምጠው እንዳቆዩአት፣ ኋላ የማለዳውን ዝግጅት እንደ ሰጧት ነገረችን። ከራሷ ቃል መጨመር ስለ ተከለከለ «ሰላም እደሩልኝ» ማለት ቀርቷል። «እንደምን አደራችሁ የሚለው ግን ተጽፎ የሚሰጠኝ ነው፤ እሱን ስል እማማ ትሰማኛለች እያልሁ ነበር» አለች። ለልቅሶው ፈቃድ ጠይቃ ስለ ተከለከለች ትታቸው ነው የመጣችው። በቦታዋ ሌላ ሰው ገባ፤ ተመልሳ ማይክሮፎን ፊት አልተቀመጠችም።

ያን ቀን መረቅኋት። ለየትኛው ሥራ እንደ መረቅኋት ግን አላውቅም።

ዛሬ ዳባት አስተማሪ ናት። ደመወዙ ይታወቃል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ ሲመሽ ቤቷ ትገባለች። የተመኘሁትን አግኝቻለሁ፤ ይህን ያልሁትን ሁሉ የሰማ አምላክ ያውቃል። ልትጠይቀን በመጣች ቁጥር ማታ ሬዲዮኑን እከፍታለሁ።

«ዝጉት አባባ፣ ድንጋዩ ያልቃል» ትለኛለች።

እዘጋዋለሁ። ከዚያ የሆነ ጋዜጣ አንሥቼ ዓይኔ ደከመ እላታለሁ፤ ታነብልኛለች። ጥሩ ታነባለች፣ ጮክ ብላ፣ ለልጆች እንደሚነበበው። የማርማት ቃል አላገኘሁባትም። በእናቷ ፊት ላይ ጠባሳው አለ። አጎቷ እስከ ዛሬ ማንንም ቁጭ በል አይልም። የንስሐ አባታችን እውነት ተናግረው በንስሐ ልጃቸው ሳይታመኑ የዋሉበትን ቀን ያስቡታል። ጎረቤቴም ሲመሽ ሞተሩን አያጠፋም፤ ለምን ብሎ ያጥፋው? ተደምሮ ሁላችንንም ያስከፈለን ይኸው ነው፦ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወፍጮ ያስቆም የነበረ አንድ ድምፅ።