በሞቴ የማይባልበት ግቢ

ስዊዘርላንድ ውስጥ ፕሬዚዳንትነት እንደ ዕቁብ ነው፤ ከሰባቱ ሚኒስትሮች ለአንዱ በየዓመቱ ይደርሰዋል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ለሌላው ያስረክባል። ስለዚህ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ቤት ማየት የሚያጓጓኝ ነገር አልነበረም። ጄኔቭ መኖር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሐይቁ ዳር ካሉት የባላባት ግቢዎች አንዱንም ረግጬ አላውቅም። ሊኞን በሚባለው የረጃጅም ፎቆች ሰፈር አሥረኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው የሌላ ሰው ዛፍ አይናፍቀውም። የሄድኩት ጋሼ ስለለመኑኝ ነው።

ጋሼ የሟች አባቴ ጓደኛ ናቸው። ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ይኖራሉ፤ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የዙሪክን ጀርመንኛ ከነዘዬው ያቀላጥፉታል፤ ፈረንሳይኛቸው ግን ቦንዡር ላይ ያልቃል። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ማስተርጎም ነው፤ ጥገኝነት ጠያቂዎች ቃላቸውን ሲሰጡ መሀል እቀመጣለሁ።

ጉዳያቸው ይህ ነው። አባታቸው በንጉሡ ዘመን የሚኒስቴር ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ጊዜ ከልዑካን ቡድን ጋር ጄኔቭ መጥተው፣ በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰው በቤተሰባቸው ግቢ ምሳ ጋብዘዋቸዋል። አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ ጋሼ ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። በአብዮቱ ጊዜ ፍተሻ ሲመጣ እናታቸው ከኀዘኑ ጀምሮ ለማንም ሳያሳዩ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያኖሯቸውን ፎቶዎች በሙሉ እሳት ውስጥ ጨመሩ፤ ከመኳንንት ጋር ቆሞ መታየት ያኔ ያስገድል ነበር። ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸው የአባታቸውን ፊት አያውቁም። ግቢው በዓመት አንድ ቀን ለጎብኚ እንደሚከፈትና የቆዩ አልበሞች እንደሚታዩበት ጋዜጣ ላይ ሲያነቡ ደወሉልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱፋቸውን ለብሰው፣ ትልቅ የቸኮሌት ካርቶን ታቅፈው ከባቡር ወረዱ።

«ጋሼ፣ ለስዊስ ቸኮሌት?»

«ታዲያ ባዶ እጄን የሰው ቤት ልግባ?»

ግቢው እንደጠበቅኩት ነው፤ የጠጠር መንገድ፣ ያረጀ የሊባኖስ ዝግባ፣ የመስኮት መዝጊያው ቀለም የለቀቀ ትልቅ ቤት። በሩ ላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የፕሬዚዳንቱ ልጅ ሰማንያ የሚጠጋቸው ሴት ናቸው፤ ራሳቸው ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ቸኮሌቱን ግር እያላቸው ተቀበሉ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው ግን ሳይሰለቹ አራት አልበም አመጡ። የሴትዮዋ እናት በየፎቶው ሥር የእንግዶቹን ስም በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት አስፍረዋል። ሦስተኛው አልበም ላይ የጋሼ ጣት አንድ ቦታ ቆመ። ፈረንሳይኛው ቢያንሻፍፈውም የአባታቸው ስም ነበር። ደጋግመው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ሴትዮዋ ፎቶውን ከማዕዘን መያዣዎቹ ቀስ ብለው አወጡና ዘረጉላቸው። «ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው» አሉ። ተረጎምኩ።

ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አፈገፈጉ። «ኧረ አይሆንም! የቤታችሁ ቅርስ ነው፣ እዚሁ ይቀመጥ።»

ይህንንም ተረጎምኩ፤ አሳምሬ። የሥራችን ሕግ አንድ ነው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። ሴትዮዋ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ልክ ነዎት፣ እዚህ በደንብ ይጠበቃል» ብለው ፎቶውን ወደ ቦታው መለሱና አልበሙን ዘጉት። ጋሼ ፈገግ እንዳሉ ቆመዋል። ሁለተኛውን ግብዣ፣ «በሞቴ» መባሉን እየጠበቁ ነበር። እዚህ አገር በሞቴ የሚል የለም፤ አንዴ እምቢ ያለ እምቢ ብሏል። እኔ ይህን የተማርኩት በመጣሁ ዓመት ነው፤ አስተማሪዬ ቤት ምሳ ቀርቦልኝ «ጠግቤያለሁ» አልኩና ሆዴ እየጮኸ ተመለስኩ። ጋሼም አርባ ዓመት ኖረውበት ያውቁታል። በዚያች ሰዓት ግን አባታቸው ፊት ነበሩ፤ የጨዋ ልጅ ደግሞ በመጀመሪያው ጥሪ እጁን አይዘረጋም።

ከኋላችን ሌሎች ጎብኚዎች ተሰልፈዋል። አመስግነን ወጣን።

ከበሩ ውጭ ጋሼ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ረሱት እንዴ?»

«አልረሱትም ጋሼ። አልወስድም ብለዋቸዋል እኮ።»

«እኔ? እኔ መቼ አልወስድም አልኩ?»

ልመለስና ልንገራቸው አልኩ። ክንዴን ጨምድደው ያዙ። «ተው! እምቢ ብዬ ወጥቼ አማላጅ ልላክ? እንዳትደውልም፤ ብደርስብህ እቀየምሃለሁ።»

ተናደድኩ፤ በእሳቸው ይሉኝታ፣ በሴትዮዋ ጨዋነት፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። በ«አይሆንም» ፋንታ «እሺ» ብል ማን ይከሰኝ ነበር?

ተያይዘን ወደ ጣቢያ ሄድን። የዙሪኩ ባቡር ሲገባ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ዞሩ።

«ቤቴ ወስጄ ረጋ ብዬ አያቸዋለሁ ብዬ ስማቸው ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ፊታቸውን በቅጡ አላየሁትም። አንተ አየሃቸው አይደል? ምን ይመስላሉ?»

እኔ ሳስተረጉም የማየው የሚናገረውን ሰው አፍ ነው። ዓይኔ ከሴትዮዋ ከንፈር ወደ ጋሼ ከንፈር ሲመላለስ ፎቶውን ጨርሶ አላየሁትም።

«ቁርጥ እርስዎን» አልኳቸው።

«ጆሯቸውም?»

«ጆሯቸውም።»

ፊታቸው ሲፈታ አንጀቴን በሉት፤ አፈርኩም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አየኋቸው፤ ጆሯቸውን በጣታቸው ቀስ አድርገው ይዳብሱ ነበር።