የአንድ ልጅ እናት

ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሞት፣ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። አማርኛ በኮምፒውተር ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ፤ ሃቫና ስትሪት ላይ ያለው የምሠራበት የኢንሹራንስ ቢሮም ለሁሉም ይቀርባል። በዚያው ተለጠፈብኝ። ቤተሰብ ዓይኑ አብጦ ይመጣል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ከዚያ መዋሸት ይጀምራል። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረው «ለትዳራቸው ታማኝ» ይሆናል። ልጆቹን አገር ቤት በትኖ የመጣው «ቤተሰባቸውን አክባሪ» ይባላል። እኔ ምን ቸገረኝ፣ እጽፋለሁ። የቤተሰቡ ስም ጋ ስንደርስ ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የመጀመሪያዋ ሚስት ትቅር፣ ያኛው ልጅ እንኳን ባይነሳ ይሻላል ይሉኛል። ስንቱን ሰው በዚህ ጣቴ አጥፍቻለሁ መሰላችሁ። ሟቹን በደንብ የማውቀው ቀብር ላይ ከሚነበበው ሳይሆን አታስገቢው ከተባልኩት ነው።

ይሄኛውን ታሪክ የምጽፈው ግን ማንም ሳያዘኝ ነው። የእኔ ነው፣ የእናቴም ነው።

እናቴን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃት እህቴ ናት ብሎ ነው። ተማሪ ሆና ነው የወለደችኝ። አያቴ ጎረቤት ሳይሰማ ገጠር ዘመድ ቤት ወሰደቻት፤ ሲመለሱ ሕፃኗን የታቀፈችው አያቴ ነበረች። በስተርጅና እግዚአብሔር ሰጠኝ አለች፣ ሰፈሩም አመነ፣ ወይም ያመነ መሰለ። ስለዚህ አያቴን እማዬ፣ እናቴን እትዬ እያልኩ አደግሁ። እውነቱን የነገረችኝ አያቴ ናት፣ ልትሞት ስትል። እናቴ ያኔ ዴንቨር መጥታ፣ አግብታ፣ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። እኔንም እህቴ ናት ብላ አስመጣችኝ።

ዴንቨር ካፒቶል ሂል ሰፈር በነበራት አፓርታማ ሻንጣዬን እንዳስቀመጥኩ፣ ባሏ ሥራ ላይ ስለነበር፣ «አያቴ ነግራኛለች» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና እንኳን አላለችም። «እዚህ እትዬ ነው የምትይኝ። አልችልም ካልሽ ትኬትሽን ቆርጬ እመልስሻለሁ» አለችኝ። እትዬ አልኳት። እሷ አረጋውያን መንከባከቢያ ደብል ሺፍት፣ በቀን ሁለት ፈረቃ፣ ስትሠራ ልጇን ትምህርት ቤት ያመላለስኩት፣ ሲያተኩሰው ያቀፍኩት እኔ ነኝ። አክስቴ እያለ አደገ። ወንድሜ መሆኑን አያውቅም። ዛሬ ከአውሮራ ራቅ ብላ ባለችው ቶርንተን ቤት ገዝቶ ይኖራል።

ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለታችን አውሮራ ገባን። ኩላሊቷ ሲደክም ዲያሊሲስ የማመላልሳት፣ የማበላት፣ ገላዋን የማጥባት እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ከዲያሊሲስ ስትወጣ፣ የመኪና ቀበቶዋን እያሰርኩላት፣ «የእኔን አሁኑኑ ጻፊልኝ» አለችኝ። «ከሞትኩ በኋላ ሰው እንዲጫወትብኝ አልፈልግም።»

እንዴት እንደተደሰትኩ። ሞኝ ነኝ። ሰው ሕይወቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ካወራ እኔን በየት በኩል ይዘለኛል ብዬ አሰብኩ። ሌላው እኮ ሲዋሽ የነበረው ሟቹ ሞቶ ስላለቀ ነው፤ እሷ ግን በሕይወት አለች፣ በራሷ አፍ ነው የምትናገረው። እናቴ ልጄ ስትለኝ እስክሰማ ነው የጓጓሁት፣ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሰዓት፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ ታወራለች። ወሬዋ ደግሞ አይጠገብም። አባቷ የገዛላትን ቀይ ጫማ፣ ዝናብ ሲመጣ አውልቃ ብብቷ ውስጥ ይዛው እንደምትሮጥ ነገረችኝ። ሳቅን። እናቴን ልጅ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር፣ ወደድኳት። ከዚያ አሥረኛ ክፍል ደረስን።

«ያኔ ታመምኩና አንድ ዓመት ትምህርት አቋረጥኩ» አለች።

«ምን ሕመም?»

«ሕመም ነዋ። ጻፊ።»

«ዳንሽ?»

«ድኜማ ነው እዚህ የደረስኩት።»

«በሕመም ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ የምጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኋት፤ የስንት ልጆች እናት ልበል አልኳት።

«የአንድ።»

«እኔስ?»

«አንቺ ከእህት ከወንድም ጋ ትገቢያለሽ። ከሁሉም መጨረሻ አድርጊው ስምሽን፣ ትንሿ አንቺ ነሽ።»

«ገላሽን የማጥብሽ እኔ ነኝ! እሱ በወር አንዴ አበባ ይዞ ብቅ ይላል፣ መኪናውን እንኳን አያጠፋም» አልኳት።

«እህትም ታጥባለች» አለችኝ፤ ሻይዋን አንስታ ጠጣች።

እንዳለችው ጻፍኩት። አነበብኩላት፣ ሁለተኛ አስነበበችኝ፣ ጥሩ ነው አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም፣ ሆስፒታል ገባች። የንስሐ አባቷ መጥተው ብቻዋን አነጋገሯት። በማግስቱ ሥራ ጨርሼ ስገባ፣ «ልጄ» አለች። ዘወር ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ልጇ የመጣ መስሎኝ ነበር።

«አንቺን ነው» አለችኝ። «ያንን ጽሑፍ አስተካክዪው። የሁለት ልጆች እናት በይው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያው ዝም ማለት ነበር፤ የዕድሜ ልክ ምኞቴ ተፈጸመ፣ አበቃ። እኔ ግን አፌ አያርፍ፣ «ዛሬ ምን ታይቶሽ ነው?» አልኳት።

«አባ ናቸው። ያንን ነገር ተናዝዤው አላውቅም ነበር። በአደባባይ የካድሽውን በአደባባይ አስተካክዪ አሉኝ። ታዲያ ኃጢአቴን ተሸክሜ ልሂድ?»

«ለእኔ ብለሽ አይደለም ማለት ነው።»

«ለአንቺማ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል? አንቺም አርጅተሻል» አለች። ክፋት አልነበረውም አነጋገሯ፤ እውነቱን ነበር የምትነግረኝ። ስወለድ ሕመም ነበርኩ፣ ልትሞት ስትል ደግሞ ኃጢአት ሆንኩ።

«ጽሑፉ አልቋል፣ እትዬ» አልኳት።

እጅጌዬን ያዘች። እናቴ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ልጄ» አለችኝ፣ ደገመችው። ትራሷን አስተካከልኩላት። «ልጅሽ እየመጣ ነው፣ ከቶርንተን ሲመጡ ትራፊክ አለ» አልኳት። በዚያው ሳምንት ሞተች።

ቀብሯ ላይ አነበብኩት። ከእናትና ከአባቷ ስም ጀምሬ፣ ቀዩን ጫማ አልፌ፣ «በሕመም ምክንያት ትምህርታቸውን አቋርጠው» አልኩ። «የአንድ ልጅ እናት ነበሩ» ስል ቀና ብዬ የንስሐ አባቷን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። የንስሐ ነገር ከአፋቸው አይወጣም፤ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት አዩ። የእህቶችና የወንድሞችን ስም አነበብኩ፣ የራሴን መጨረሻ ላይ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እሷ እንዲቀር ያለችውን አስቀረሁ፣ በኋላ ይግባ ያለችውንም አላስገባሁም። ብትጠይቁኝ ዛሬም አላስገባውም።

ሰው ተሰልፎ ሲያጽናናኝ፣ የእህትሽን ነፍስ ይማር፣ እንደ እናት ነበረች ለአንቺ፣ አለኝ። አሜን፣ አሜን አልኩ። ሁሉም ወደ መኪናው ሲሄድ ልጇ መጣ። ትልቅ ሰው፣ ጺሙ በእንባ ርሶ፣ አንገቴ ሥር ገብቶ ተንሰቀሰቀ። አማርኛው ስለማይበቃው ግማሹን በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወራው።

«አክስቴ፣ ከእንግዲህ እናቴ አንቺ ነሽ» አለኝ።

እሺ አልኩት።