ማሽኑ ያየውን ያጠፋሁ እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን፣ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን ስዘረዝር ቆይቼ ይችኛዋን ዘልያት እነሣለሁ። ካህኑ እጃቸውን ራሴ ላይ ሲጭኑ አንገቴ ይደነድናል፤ በመዳፋቸው የሚሰማቸው ይመስለኛል። አንተ የምታነበው ሰው ማን እንደሆንክ አላውቅም። ስለማላውቅህ ይሆናል ብዕር ያነሣሁት። ፊትህን እያየሁ ቢሆን ይችን ያህል እንኳ አልጽፍም ነበር።

ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። የዛሬ መኪና በብረትና በነዳጅ ብቻ አይሄድም። ሞተሩን የሚያዝ አንድ ኮምፒውተር አለው፤ ፍሬኑን የሚጠብቅ ሌላ፤ መሪው ለእጅ እንዲቀል የሚያግዝ ሌላ። እነዚህ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ቀኑን ሙሉ ሲነጋገሩ ይውላሉ። አንዱ ድንገት ዝም ካለ የቀሩት «እገሌ ጠፍቶብናል» ብለው ይመዘግባሉ። የእኔ ሥራ የመመርመሪያ ማሽኔን መኪናው ላይ ሰክቼ ያንን መዝገብ ማንበብ፣ ዝም ያለውም ለምን ዝም እንዳለ መፈለግ ነው። ከደሴም ከደጋንም መኪና ይመጣልኛል። «ግርማ ያላገኘውን ማንም አያገኘውም» ይባልልኛል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ከልክ በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የሚኖሩ፣ ያኔ ስድሳን የተጠጉ ሹፌር ነበሩ። ሃያ ዓመት ያህል የሰው መኪና ነድተው በመጨረሻ የራሳቸውን ሚኒባስ ገዝተው ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ሰው ያመላልሱ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት እንደሳቸው ዝግ ብሎ የሚወርድ አልነበረም። ሌሎቹ እየሳቁ ሲያልፏቸው «የቸኮለ ትናንት ሄዷል» ይላሉ እንጂ አይከተሉም። እናቶች ልጆቻቸውን ብቻቸውን ሲልኩ የጋሽ ሰይድን መኪና ጠብቀው ነበር የሚያሳፍሯቸው።

ያ ሚኒባስ ሞተሩ ይጠፋ ጀመር። አንዳንዴ ዳገት ላይ፣ አንዳንዴ መናኸሪያ ቆሞ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይበራና ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ ጥቂት ቆይተው ቁልፉን ሲያዞሩት ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ደሴ ያሉ ሁለት ጋራዦች ያንን ቀይረው ይህን ቀይረው አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ እኔ ዘንድ አመጧት።

ማሽኔን ስሰካ የፍሬኑ ኮምፒውተር መለሰልኝ። የመሪውም መለሰልኝ። የሞተሩ ግን አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ ዝም ይላል። የሚነጋገሩባቸውን ሁለት ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ፤ ደህና ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «ኮምፒውተሩ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ሦስት ቀን ፈለግሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የባትሪውን መቀመጫ ፈትቼ ሳነሣ አገኘኋት። ከሞተሩ ኮምፒውተር ወጥታ ከመኪናው አካል ጋር የምትታሰር፣ እኛ ማሳ የምንላት ሽቦ ናት፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለስባት። የባትሪ አሲድ በልቷት በሦስት አራት ክር ብቻ ተንጠልጥላለች። መኪናው ሲንገጫገጭ ትለቃለች፤ ስትለቅ ኮምፒውተሩ ይሞታል፤ ሞተሩም አብሮት ይጠፋል።

የተበላውን ቆርጦ መጣል፣ አዲስ ሽቦ መቀጠል፣ መበየድ፣ በብሎን ማጥበቅ፤ ሥራው ይኸው ነበር። መብራት ስለጠፋ መበየጃዬ አይሠራም። እኔም የቀሩትን ክሮች በጣቴ ጠመዘዝኳቸው፣ በጥቁር ቴፕ ጠቀለልኳቸውና መለስኳት። እስከ ነገ ትይዛለች አልኩ በልቤ።

ጋሽ ሰይድ ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ ተነሣ። ማሽኑ ላይ ሁሉም ኮምፒውተር መለሰ። ከጎረቤት ጋራዥ ያሉ መካኒኮች ሳይቀሩ መጥተው ያያሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ትከሻዬን ይዘው። «ሁለት ጋራዥ ያላየውን አየህ። አላህ እጅህን ይባርከው።»

«ገና አልጨረስኩም፣ ነገ ይመለሱ» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ናት። ምን ያዘኝ? ሰው ከቦ እያደነቀኝ «ያሰርኩት በቴፕ ነው» ማለት አፈርኩ። ከሙገሳዬ እንዳይጎድልብኝ ብዬ፣ «አለቀ ጋሽ ሰይድ፤ በሙሉ ልብዎ ይንዱ» አልኳቸው። በማግስቱ ትዝ አለኝ። በሦስተኛውም ቀን ትዝ አለኝ። ስልካቸው ነበረኝ። አልደወልኩም። ኋላ ኋላማ ሽቦዋ ስለያዘች ትክክል የሠራሁ መሰለኝ።

አሥራ ስምንት ቀን ያዘች።

ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ መንገዱ የራሰበት ጠዋት ነበር። ጋሽ ሰይድ ከደሴ አሥራ ሁለት ሰው ጭነው ሲወርዱ ኩርባ ላይ ሞተሩ ጠፋ። መሪውን የሚያግዘውም አብሮ ተወ፤ መሪው እጃቸው ላይ ደረቀ። በቀኝ ገደል ነው። ባላቸው ጉልበት ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው ጎተቱት፤ ከአለቱ ጋር ተጋጩ። አሥራ አንዱ ሰው ተሰባብሮም ቢሆን ተረፈ። ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ከድጃ ግን፣ ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ፣ ሐያት የምትባል አንዲት ልጅ ያለቻቸው እናት፣ እዚያው አረፉ።

አንድ ሹፌር ጋራዤ መጥቶ ነገረኝ። መናዘዝ ከሆነ እንግዲህ ይህንንም ልናገር። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ማን ተጎዳ?» አልነበረም። ቴፑ ነበር። ጥቁሩ ቴፕ፣ የእኔ ቴፕ፣ እዚያ ኮፈን ሥር አለ። ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ አንድ የትራፊክ ፖሊስ መርማሪ መጣ። «ሹፌሩ ሞተሩ ጠፋብኝ ይላል። ግርማ ይያት፣ እሱ ያውቃታል ብሎ የላከኝም እሱ ነው» አለኝ። አየህ? እኔን የጠሩኝ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ነገሩን የማስተካከያ በር ከፍቶ ሰጠኝ ማለት ነው። እኔ በዚያ በር ገብቼ ምን አደረግሁ?

መኪናዋ ፖሊስ ግቢ ቆማለች። ፊቷ ተጨራምቷል። መርማሪው ስልክ ተደውሎለት ወደ በሩ ራቅ ሲል የተጣመመውን ኮፈን አነሣሁ። ሽቦዋ ለቅቃ ተንጠልጥላለች፤ ቴፔ በአሲድ ርሶ ተፈትቷል። ቴፑን ላጥኩና ኪሴ ከተትኩ። ሽቦዋን መልሼ ብሎኑ ላይ አሰርኳት። ማሽኔን ሰካሁ። የፍሬኑ ኮምፒውተር መዝግቦታል፤ የመሪውም መዝግቦታል። ሁለቱም አንድ ነገር ይላሉ፦ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ግንኙነት ተቋርጧል። ጋሽ ሰይድ ያሉትን ቃል በቃል ይመሰክሩላቸዋል። ተሳፋሪዎቹ ግጭቱን እንጂ ሞተሩን ልብ አላሉትም፤ ሌላ ምስክር የላቸውም፤ እነዚህ ብቻ ናቸው። የተመዘገበው ይሰረዝ ወይ ብሎ ማሽኑ ጠየቀኝ። ጣቴ ከቁልፉ በላይ ቆየ። ልጆቼን አሰብኩ፣ እስር ቤት አሰብኩ፣ ስሜን አሰብኩ። ጋሽ ሰይድን አላሰብኩም። ወይዘሮ ከድጃን አላሰብኩም። ተጫንኩት። አጠፋሁት።

መርማሪው ተመልሶ «እህስ?» አለኝ።

«ምንም የለም። ከግጭቱ በፊት የነበረ ብልሽት አላየሁም።»

ይህንኑ ጻፍኩ። ፈረምኩ። የፈረመው እጅ እነሆ አሁን የሚጽፈው እጅ ነው።

ጋሽ ሰይድ «እንቅልፍ ወስዷቸው ነው» ተብሎ ተፈረደባቸው። ሁለት ዓመት ታሰሩ፤ መንጃ ፈቃዳቸውም ተነጠቀ። ከመታሰራቸው በፊት ሽማግሌዎች ከወይዘሮ ከድጃ ቤተሰብ ጋር አስታርቀዋቸው ነበር። እኔም ደሴ ሄጄ እርቁ ላይ ተቀምጫለሁ። ሐያት እናቷን ከቀበረች ገና ወር አልሞላትም። ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው ይቅርታ እየለመኑ «አውፍ በይኝ ልጄ» ሲሏት «አውፍ ብያለሁ፤ አላህም አውፍ ይበልዎ» ብላ አለቀሰች። ሰው ሁሉ አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ። ይቅርታ መለመን የሚገባው እኔ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰልፌ አሚን አልኩ።

አንድ ጊዜ እስር ቤት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሰው ሁሉ ደግነቴን አየ። የሄድኩት ግን በፍርሃት ነው፤ ጠርጥረውኝ እንደሆን ላጣራ ነው የሄድኩት። አልጠረጠሩኝም። ያሉኝን ዛሬም አልረሳሁትም።

«ግርማ፣ ሞተሩ ጠፋ ስል ነበር» አሉኝ። «ማሽንህ ግን ምንም የለም አለ። ማሽን ምን ብሎ ይዋሻል? እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። ወላሂ አላስታውሰውም፣ ግን ወስዶኝ ኖሯል።»

«አይዞዎት» አልኳቸው። ያልኳቸው ይህችን ብቻ ናት።

ነፃነታቸውን ብቻ የወሰድኩ መስሎኝ ነበር። የገዛ ዓይናቸውን ምስክርነት ነው የወሰድኩባቸው። ያዩትን እንዳላዩ፣ ነቅተው ሳለ እንደተኙ አሳመንኳቸው። ከዚህ የከፋ ስርቆት አለ? ካለ ንገረኝ።

ፍርሃቴ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጋራዡ በር ላይ ሲቆም፣ የፊት መብራቱን ሊያሠራ የመጣ ቢሆንም፣ ትንፋሼ ይቆማል። ማሽኑ «ግንኙነት ተቋርጧል» ብሎ በጻፈልኝ ቁጥር መዳፌን ያልበኛል። ደሴ ተሳፍሬ ስሄድ ጉሙ እስኪገልጥ እጠብቃለሁ፤ ያቺ ኩርባ ላይ ስደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንዲትም ሽቦ ሳልበይድ ለቅቄ አላውቅም፤ ደንበኞቼም ጥንቃቄዬን ያመሰግናሉ። ምስጋናቸው እንደ እሾህ ይወጋኛል። በፊት የምፈራው መታሰርን ነበር። ቀጥሎ ጋሽ ሰይድ እንዳይደርሱበት ፈራሁ። ዛሬ ደግሞ ሳይደርሱበት እንዳይሞቱ እፈራለሁ።

ባለፈው ወር ልጃቸው ፋጡማ ወንድ ልጅ ወልዳ ለዐቂቃው፣ ለስም ማውጫው ድግስ፣ ጠሩኝ። ሆጤ ሄድኩ። ሰው ተሰብስቧል፤ ጋሽ ሰይድ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ፋጡማ ሕፃኑን አምጥታ ልታስታቅፋቸው ስትል እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«እኔ አልይዘውም ልጄ። እኔ ሳላውቀው እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው ነኝ።»

የሳቀም ነበር፣ ቀልድ መስሎት። ፋጡማ አልሳቀችም። አንድም ቀን ታቅፈውት እንደማያውቁ ኋላ ነገረችኝ። እኔ የቀረበልኝን ምግብ ሳልቀምስ ወጣሁ።

መጻፍ ስጀምር ለማላውቀው ሰው ነው የምጽፈው ብዬ ነበር። ዋሽቼ ነው። ለማን እንደምጽፍ አውቃለሁ። ይህን በሦስት ቅጂ ገልብጬዋለሁ። ነገ ጠዋት አንዱን ለትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ እሰጣለሁ፤ አንዱን ሰኞ ገበያ ወስጄ ለሐያት እሰጣለሁ። ከሁለቱ በፊት ግን ሆጤ እሄዳለሁ። የጋሽ ሰይድ ዓይን ደክሟልና ፋጡማ ታነብላቸዋለች፤ እኔም እዚያው እቆማለሁ። እፈራለሁ። ሐያት ምን ትለኛለች? ልጆቼስ ነገ ምን ይባላሉ? አላውቅም።

መብራት ጠፍቶ ነበር አልልም። መርማሪው ትቶኝ ዞር አለ አልልም። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። አውፍ በሉኝ ለማለትም አፌ አይደፍርም፤ እርቁ ላይ አሚን ያልኩበት አፍ ነውና። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፋጡማ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ጋሽ ሰይድ፣ እንቅልፍ አልወሰደዎትም። ነቅተው ነበር። ሞተሩ ጠፍቶብዎት ነበር፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።